ከባሕር በታች ስንት ቆላ አለ?

ከሱሉልታ የተነሣሁት ልጄን ጉርሜሳን ከባሕር ላወጣው ነው። ምጽዋ ወደብ ጠላቂ ሆኖ የመርከብ ሆድ ይጠግናል። ሚስቱ እርጉዝ ናት፤ “ካላመጡት ቡራዩ እናቴ ቤት እገባለሁ” አለችኝ። እኔ ፊደል ስለማላውቅ ይኼን የምትጽፍልኝ እሷው ናት፤ ስለሷ የምለውን እንዳትቀንስ አስምያታለሁ።

አስመራ ለመድረስ በአውቶቡስ ሦስት ቀን ፈጀብን። ደሴ አደርን፣ መቀሌ አደርን። ጎኔ የተቀመጠው ነጋዴ በሶዬን እያየ ምራቁን ሲውጥ አዘንኩና አቃመስኩት፤ ከዚያ ወዲያ እናቱ ሆንኩ።

ከአስመራ ባቡሩ ቁልቁል ሲወርድ መጀመሪያ ጋቢዬን፣ ቀጥሎ ነጠላዬን አወለቅሁ። ምጽዋ ስደርስ ቀሚስና ቀይ ሻሽ ቀረኝ፤ ከዚያ በላይ ባወልቅ ልጄ ያፍራል። ሲወርዱ እንዲህ ከሞቀ ከባሕሩ ሥር ያለው ቆላማ እሳት ነው ብዬ ፈራሁ።

ጉርሜሳ ወደቡ ላይ ተቀበለኝ፤ የተጠበሰ ዓሣ በስሙኒ ከበላን በኋላ በጀልባ ይዞኝ ወደ ባሕሩ ገባ።

“አንተ፣ ሥሩ አይፈጅህም?”

“እማዬ፣ ባሕር ውስጥ ወደ ታች ሲወርዱ የሚያልቀው ብርሃን ነው። ላዩ እንደ ቀትር ነው፤ ባለቀለሙ ዓሣ እዚያ ይርመሰመሳል። ከሱ በታች እንደ ምሽት ይደበዝዛል። ከዚያ ወዲያ ፀሐይ ደርሶ አያውቅም። ባሕር የሚያጠኑ ሰዎች እንደነገሩን፣ እዚያ ያሉት ዓሦች ገላቸው ያበራል።”

“እኛ ሰፈር ያልገባው መብራት ለዓሣ ገባለት?”

ሳቀ። እኔ ግን አልሳቅሁም። “አንተስ እስከ የት ትወርዳለህ?”

“ቀትሩ ላይ ነኝ። ታች የውሃው ክብደት ሰው ይጨፈልቃል።”

“ቀትሩን ማለፍህን በምን ታውቃለህ?”

ሻሼን ከራሴ አወለቀና ከድንጋይ ጋር በገመድ አስሮ ለቀቀው። ውሃው ጥርት ያለ ነው። ቀይ የነበረው ቡኒ ሆነ፤ ቀጥሎ ጠቆረ።

“ሻሼን አከሰልከው።”

ሲስበው እንደገና ቀላ። “ውሃ ከቀለም ሁሉ ቀድሞ ቀይን ይውጣል” አለኝ።

ከሻሹ ቀድጄ እጁ ላይ አሰርኩለት። “ይኼ ሲጠቁር እናትህ ጠራችህ ማለት ነው። ትወጣለህ።”

“እወጣለሁ። ለመውለጃዋም እመጣለሁ።”

ሱሉልታ ስገባ ምራቴ ከኋላዬ ሰው ፈለገች። “ብቻዎን መጡ?”

የሆነውን ሁሉ ነገርኳት። ሰው የሚጠፋው ስለወረደ ሳይሆን መመለሻውን ስላላወቀ መሆኑን እኔም እዚያ ተማርኩ። ሰምታ ስትጨርስ ቡራዩ ልትሄድ የጠቀለለችውን ልብስ ፈታ፣ አንድ በአንድ ሳጥኗ ውስጥ መለሰች።