ሐረጎን የተሻገረ ማስነጠስ

ከኮምቦልቻ የወጣነው በመስከረም፣ ፀሐይ ስታዘቀዝቅ ነው።

ይሄን ጉዞ ስደት ብዬ ስጽፍ አትሳቁብኝ። ባሕር አልተሻገርኩም፤ የተሻገርኩት ወደ ደሴ የሚያወጣውን የሐረጎን ዳገት ነው፣ እሱንም በሚኒባስ፣ ፌስታል ታቅፌ። ግን በስተርጅና ቤቱን ዘግቶ የወጣ ሰው ሌላ ምን ይባላል?

የልጅ ልጄ ኢክራም አራት ዓመቷ ነው። ክረምቱ ወጥቶ ሜዳው ሲያብብ ዓይኗ ያብጣል፣ ታስነጥሳለች፣ ደረቷ ያፏጫል። የኮምቦልቻው ሐኪም "አለርጂ ነው፣ የአበባና የሣር ብናኝ አይስማማትም" ብሎ ሽሮፕ አዘዘ። ከውጭ ስትገባ ፊቷን እጠቡ፣ ልብሷን ቀይሩ አለ። እኔ ግን ከሐኪም የምበልጥ ሰው ነኝ! "ደሴ ብርድ ነው፤ ብርድ ላይ ምን አበባ አለ?" ብዬ እናቷን ዘሀራን አሳመንኩ። ልጄ ዘሀራ የፋብሪካ ሥራዋ ላይ ቀረች፤ እኛ ወጣን።

ደሴ ብርዱ እንዳልኩት ነው፤ ሻይ ከአፍ ሳይደርስ ይቀዘቅዛል። አከራያችን እትዬ ከድጃ ለእንግዳ ክብር ብለው ቤቱን ለምለም ሣር ጎዝጉዘው ጠበቁን። ደስ አለኝ። ልጅቷን መሀሉ ላይ አስቀምጬ ዱዓ ጀመርኩ።

ዱዓው ሳያልቅ ዓይኗ ተደፈነ።

"ዓይን በልቷት ነው፤ ላጭሳት" አሉ እትዬ ከድጃ፣ ፍም ይዘው።

"ደረቷ እያፏጨ ጭስ? ወላሂ አያገኟትም! ሣሩ ነው!"

"ሣር ላይ ተወልደን ሣር ላይ አረጀን። ሣር ሰው ይበላል ሊሉኝ ነው?"

"በላ እኮ!" ብዬ ሣሩን እያፈስኩ ወደ ደጅ ወረወርኩት። ክብራቸውን የጣልኩባቸው መሰላቸው፤ እስከ ዛሬ ሰላምታ የሚመልሱልኝ በግማሽ አፍ ነው።

በባጃጅ ሐኪም ቤት ደረስን።

"ሣሩ ላይ ያስቀመጣት ማነው፣ አባባ?" አለ ወጣቱ ሐኪም።

"እኔ።"

"ሽሮፑንስ ወስዳለች?"

"የዛሬውንማ ደሴ እንገባለን ብዬ ዘለልኩት።"

ደሜ ፈላ፤ በሱ አይደለም። ይሄን ጢሜን አይቶ "አይሆንም" የሚለኝ ሰው ይጥፋ? ሚኒባሱ ሙሉ ሰው ሐረጎ ላይ በመስኮት ቢጫውን አበባ እያየ፣ ብርድ አበባ ይገድላል ስል ሁሉም "ልክ ነዎት" አለኝ! እኔስ ዓይን አልነበረኝም?

ኢክራም በጭምብል መድኃኒት ስባ ጋብ ሲልላት ዘሀራ ደወለች።

"አባዬ፣ አየሩ ተስማማት?"

ዋሽቼ አላውቅም አልልም፤ ያኔ ግን ውሸቱ አልወጣ አለኝ። ሁሉንም ነገርኳት።

አልጮኸችም። "አፍንጫዋ ላይ ያስጠጉልኝ" ብቻ አለች።

ስልኩን አስጠጋሁ። ወዲያ ማዶ የፋብሪካዋ ማሽን ይጮሃል።

"ልመልሳት?" አልኩ።

ዘሀራ የልጇን ትንፋሽ ገና እያዳመጠች ነበር።