ለወንዙ የተለቀቀው መሬት

ገላኔ ጀሞ ወንዝ ዳር ተወልዳ እዚያው የኖረች ሴት ናት። የአባቷ የጤፍ ማሳ ኮንዶሚኒየም ሲሠራበት ከወንዙ ጥግ አንዲት ቁራጭ መሬት ተረፈቻት። በእሷ ላይ ጎመንና ቆስጣ እያለማች ልጆቿን አሳደገች። አትክልቷን የምትረከባት ሀይሌ ጋርመንት ሰፈር ሱቅ ያላት ሀኒፋ ነበረች። ከደንበኝነት አልፈው እንደ እህትማማች ሆነዋል።

አንድ የነሐሴ ቀትር፣ ሀኒፋ ጎመን ልትወስድ እንደመጣች ወንዙ ሳይታሰብ ሞላ። ሰፈሩ ውስጥ ጠብ ያለ ዝናብ አልነበረም፤ ላይ ተራራው ላይ የዘነበው ነው የመጣው። ገላኔ የውሃ መሳቢያ ሞተሯን ላድን ብላ ወረደች። ገና ሳትጨብጠው ጎርፉ ወገቧ ላይ ደረሰ።

“ተይው! ይሂድ!” ብላ ሀኒፋ ጮኸች። የጆንያ ገመዷን ከባሕር ዛፉ ጋር ቋጥራ፣ ሌላውን ጫፍ ወገቧ ላይ አስራ ገባችላት። ሁለቱም ጭቃ ለብሰው ሲወጡ ሞተሩም ጎመኑም የሉም።

“ነፍሴን አተረፍሽልኝ” አለች ገላኔ ልብሷን እየጨመቀች።

“ያተረፈሽ አላህ ነው። ነይ፣ ልብስ ቀይሪ።”

በዓመቱ ወረዳው ስብሰባ ጠራ። ያኤል የምትባል ወጣት ባለሙያ፣ ከአየር ንብረት ለውጥ ጋር ተጣጥሞ ለመኖር ስለወጣው አገር አቀፍ ዕቅድ አስረዳች። ዝናቡ ወደፊት እየከበደ ስለሚሄድ ወንዝ ዳሩ ለውሃው ይለቀቃል፤ ሣርና ቀርከሃ ይተከልበታል፤ አትክልት አልሚዎቹም በምትኩ ከፍ ያለ ቦታ ያገኛሉ።

ገላኔ ደሟ ፈላ። “ይሄ ዕቅድ እስከ መቼ ነው?”

“እስከ ልጅ ልጆቻችን ዘመን ነው፣ እትዬ።”

“እስከዚያ እኔ የት እደርሳለሁ?”

“እርስዎም እኔም ባንኖር ወንዙ ይኖራል።”

ያኤል ግን ተናግራ ብቻ አልቀረችም። በማግስቱ ቦቲ ጫማ አጥልቃ ማሳው ድረስ መጣች፤ ጎርፉ የደረሰበትን እየዞረች አየች። “ዛሬ አይመልሱልኝ፤ ያስቡበት” ብላ ሄደች።

ገላኔ የአባቷን መሬት እያየች አለቀሰች። ሀኒፋ አጠገቧ ተቀመጠች። “እኔ ዳግመኛ ጎርፍ አልገባልሽም፣ ጉልበቴ ደክሟል” ስትላት በእንባዋ መሀል ሳቀች። መሬቱንም ለቀቀች።

አዲሱ ቦታ ቶሎ አልመጣም። ሀኒፋ ሱቋ ውስጥ ጥግ ሰጥታት ሽንኩርት እየሸጠች ከረመች። በመጨረሻ ከፍ ያለችውን መሬት፣ ከኮንዶሚኒየሙ ጣሪያ ዝናብ ከሚያጠራቅም ታንከር ጋር ተረከበች። ቆስጣዋም በበጋ ሳይቀር ለመለመ።

ዘንድሮ ክረምት ወንዙ ሞልቶ ከዳሩ ወጣ። ሣሩ ላይ ተንጣለለ፣ ቀርከሃውን አስጎነበሰው፣ ከሰዓት በኋላም ወደ ቦታው ተመለሰ። አንድም ቤት አልነካም። ገላኔ ላይ ቆማ ስታይ ቆይታ ስልኳን አወጣች።

“ያኤል፣ ልጄ! ውሃው መጥቶ አየንና ሄደ። ተባረኪ፣ እንዳንቺ ያለውን ያብዛልን!”

ያኤል መልስ ሳትሰጥ አጠገቧ የቆመችው ሀኒፋ ስልኩን ከገላኔ እጅ ነጠቀች፦ “ምርቃት ብቻ አይደለም፣ የኔ ልጅ፤ ቆስጣሽን መጥተሽ ውሰጂ!”