ሰዓዳን ፍለጋ፣ ሐረጎን ቁልቁልና ሽቅብ

ያኔ ሠላሳ አንድ ዓመቴ ነበር። የአእምሮ ጤና ነርስ ሆኜ በደሴና በኮምቦልቻ ትምህርት ቤቶች መዞር ከጀመርኩ ገና ሰባት ወር ሆኖኝ ነበር። ልጆቹ «የምታዳምጠዋ ሲስተር» ይሉኛል። በዚያ ዓርብ ግን የምሄደው ላዳምጥ አልነበረም፤ አንዲት ልጅ በሕይወት መኖሯን ላረጋግጥ ነበር።

ዓርብ፣ ከንጋቱ አሥራ አንድ ተኩል። ደሴ፣ ፒያሳ።

ጉሙ መብራቶቹን ውጧቸዋል። «ኮምቦልቻ! አንድ ሰው የቀረው!» ይላል ረዳቱ፤ ስገባ ያለነው ሦስት ነን። ሌላ ቀን ቢሆን እስቅ ነበር። ከሻይ ቤቱ ሁለት ትኩስ ፓስቲ በወረቀት አስጠቅልዬ ቦርሳዬ ውስጥ ከተትኩ፤ ለሰዓዳ። ካገኘኋት።

ሰዓዳ ኮምቦልቻ የስምንተኛ ክፍል ተማሪ ናት። አባቷ በልጅነቷ ሞቷል፤ እናቷ ጅዳ ሥራ ላይ ናት፣ ስልኳ ከተዘጋ ወራት አልፏል። የምትኖረውም እዚያው፣ አጎቷ፣ የአባቷ ወንድም ጋ ነው። ማክሰኞ ዕለት ፊቴ ተቀምጣ፣ የሒጃቧን ጫፍ በጣቷ እየጠቀለለች፣ «ሲስተር፣ ምነው ባልነቃሁ እያልኩ ነው የምተኛ» አለችኝ። እንዲህ ያለ ቃል ሲሰማ ልጅ ብቻዋን አትለቀቅም። አብሬያት ሄጄ የቤቷን በር ማንኳኳት ነበረብኝ። ደጅ ሦስት ልጆች ይጠብቁኝ ነበርና ከጽሕፈት ቤት የተባዛ ቅጽ አንስቼ፣ ስሟን ሞልቼ፣ በእጇ ላክሁት። መስኮት ለሰበረም ለተደባደበም የሚሰጠው ያው «ወላጅ አምጪ» ነው። «የጥፋቱ ዓይነት» የሚለውን መስመር ባዶ ተውኩት።

ሐሙስ ማታ የክፍሏ ኃላፊ መምህር ደወለ። «ሰዓዳ ሁለት ቀን ቀርታለች። የአጎቷም ስልክ አይሠራም።» ወላጅ አጠገቧ ለሌለ ልጅ «ወላጅ አምጪ» ማለቴ የገባኝ ያን ጊዜ ነው።

አሥራ ሁለት ተኩል። ሐረጎ።

በጠመዝማዛው ዳገት ከታች ጭነት የያዙ ተሳቢዎች እያቃሰቱ ይወጣሉ፤ እኛ እንወርዳለን። ሾፌሩ በመስታወት አየኝ።

«እትዬ፣ ፍሬኑን የያዝሽው አንቺ ነሽ እንዴ? ወለሉን በሳሽው እኮ!»

«ልጅ ጠፍታብኝ ነው ወንድሜ።»

ሳቁ ጠፋ። «አብሽሪ። አላህ ያግራው» አለና ሬዲዮውን ዘጋ። ምነው ባልዘጋው። ጸጥታው ውስጥ የሚሰማኝ የሰዓዳ ቃል ብቻ ሆነ።

ሁለት ሰዓት። ኮምቦልቻ።

ቆላው ይሞቃል፤ ጋቢዬን አወለቅሁ፣ ብርዱ ግን ውስጤ ነው። መምህሩ በነገረኝ መሠረት ባጃጅ ይዤ ወደ ገበያው። ልብስ ሰፊዎች በተደረደሩበት በረንዳ ላይ አጎቷ ጋሽ ሰይድ፣ ሜትር አንገታቸው ላይ ጥለው፣ የስፌት መኪናቸውን ይረግጣሉ፤ ትምህርት ቤት አይተውኝ ያውቃሉ።

«አሰላሙ ዓለይኩም።»

«ወዓለይኩም ሰላም! ሲስተር! ሰዓዳስ? የት ትተሻት መጣሽ?»

«እኔ ጋ አይደለችም፣ ጋሼ።»

«ምን ማለትሽ ነው? ‹ሲስተር ደሴ ጠርታኛለች፣ ሁለት ቀን እቆያለሁ› ብላ አይደል ረቡዕ የወጣች? ስልኬ ውሃ ገብቶበት ነው እንጂ እደውልልሽ ነበር።»

ሁሉን ነገርኳቸው። ስጨርስ ተነሡ።

«እኛ ቤት እብድ የለም! ልጄን በወረቀት ያሳበድሽ አንቺ ነሽ!»

«ሰይድ፣ ቀስ፤ ሰው ይሰማል» አለ ጎረቤታቸው።

«ይስማ!»

«አላበደችም፤ ከብዷት ነው» አልኩ። «ወረቀቱ ግን የኔ ጥፋት ነው። አሁን እንፈልጋት፤ ኋላ ይስደቡኝ። እናቷ ዘመድ አላት?»

«ደሴ አጠገብ፣ ገራዶ እህቷ ፋጡማ አለች። ተኳርፈን ስድስት ዓመታችን። ስልኳንም አላውቅ።»

አራት ሰዓት። እንደገና ሐረጎ፣ ሽቅብ።

ጋሽ ሰይድ ሜትሩን ከአንገታቸው ማውረድ ረስተዋል። መኪናው በገደሉ አፋፍ ሲታጠፍ ዓይናቸውን ይጨፍናሉ። እኔም እጨፍናለሁ። «ያረቢ… ያረቢ…» ይላሉ በየመታጠፊያው።

ስድስት ሰዓት ሊሆን ሲል። ገራዶ።

ፋጡማ በሩን ከፍታ የእህቷን ባል ወንድም አየች። ኩርፊያውን ለማንሣት ጊዜ አልነበረም።

«እዚህ ናት። ስታለቅስ ሰንብታ አሁን ገና ተኛች።»

ተኛች። እንዲህ የሚያስፈራ ቃል ሰምቼ አላውቅም። ሮጬ ገባሁ። ፊቷን ወደ ግድግዳ አዙራለች። ብርድ ልብሱ ከፍ፣ ዝቅ ሲል እስካይ ድረስ እኔም አልተነፈስኩም። ትከሻዋን ነካኋት፤ ነቃች።

«ሲስተር፣ ወረቀቱን አልጣልኩትም» አለች መጀመሪያ። «ወላጅ ልፈልግ ነው የመጣሁ። አክስቴ ትሆን እንደሁ ብዬ።»

ከትራሷ ሥር አወጣችው። ጋሽ ሰይድ ተቀብለው ወደ በሩ ብርሃን ጠጋ አሉ፤ ጮክ ብለው፣ ፊደል እየቆጠሩ አነበቡት። ባዶ የተውኩትን መስመር ራሷ ሞልታዋለች።

«የጥፋቱ ዓይነት፦ ማልቀስ።»

ወደ ሰዓዳ ዞሩ። «እኔስ?» አሉ። «እኔስ ምንሽ ነኝ?»

«እርስዎ ሥራ አለዎት፣ አጎቴ።»

ፓስቲውን ከቦርሳዬ አውጥቼ ሰጠኋት። በርዶ እንደ ጫማ ጠንክሯል፤ እሷ ግን ሁለቱንም በላች።

ከሰዓት በኋላ። ደሴ።

አራታችን አብረን ሐኪም ዘንድ ገባን። ፈተና እንዳለባት ልጅ እጆቿን ጭኗ ላይ አድርጋ ተራዋን ጠበቀች፤ ባንድ ጎኗ ፋጡማ፣ በሌላው ጎኗ ጋሽ ሰይድ። ብቻዋን እንዳትሆን ሁለቱ በየተራ አብረዋት ሊሆኑ፣ እኔም በየሁለት ቀኑ ላያት ተስማማን። ፍርሃቱ በዚያ ቀን አላበቃም። ለብዙ ወራት ስልክ በጮኸ ቁጥር እደነግጥ ነበር። «ወላጅ አምጪ» የሚለውን ቅጽ ግን ዳግመኛ በእጄ አልነካሁትም፤ በእግሬ ሄጄ አንኳኳለሁ።

ጋሽ ሰይድ በቀጣዩ ሳምንት የስፌት መኪናቸውን ከገበያው በረንዳ በጋሪ አስጫኑና ከሰዓዳ ትምህርት ቤት በር ፊት ለፊት አንዲት ጠባብ ክፍል ተከራዩ። እዚያ ዩኒፎርም ይሰፋሉ።