የልብ ስፌትና ዋግምት

ባሌ የልብ ምቱ ከተዛባ በኋላ ደም እንዳይረጋ የሚያደርግ ክኒን ታዘዘለት። እስራኤል አገር፣ ቂርያት ማላኪ ያለው የኩፓት ሖሊም ጤና ጣቢያ ሐኪም ነገሩን ሁሉ በዕብራይስጥ ለልጅ ልጃችን አወራላት። ባለ ልቡ አጠገቧ ተቀምጦ ኮፍያውን ያሻሻል፤ ሐኪሙ ዞር ብሎም አላየው። የታመመችው እሷ ትመስል ነበር።

የልጅ ልጃችን ያቭነ ከተማ ነው የምትኖረው፤ ባዮሎጂ ትማራለች። በመኪናዋ ስትመልሰን አያቷን ደስ ይበለው ብላ የተማረችውን ነገረችው።

«አባባ፣ ስንቆስል ደም እንዲረጋ የሚያስጀምረው ፕሮቲን በልብ ጡንቻም ውስጥ አለ። እዚያ ግን ሌላ ሥራ አለው፤ ሴሎቹ የሚጋጠሙበት ቦታ ሆኖ ያያይዛቸዋል። ይህ ፕሮቲን ያነሰባቸው አይጦች ልባቸው ጠባሳ ያወጣል።»

«እንደ ስፌት ነው በያ።»

«ቤሰደር፣ እሺ፣ እንደ ስፌት።»

ከዚያ ወዲህ ክኒኑን መዋጥ ተወ። ትራሱ ሥር ደብቆት አገኘሁ።

«መርጋትን የሚከለክል ክኒን ስፌቱን ይምረዋል?» አለኝ። «ልቤን ይተረትረዋል።»

ዕድሜውን ሙሉ የእኔን ምክር ያልሰማ ሰው የአይጥ ወሬ ሰማ።

ይባስ ብሎ ከገደራ ከተማ ጓደኛውን አስጠራ። ሰውዬው ቀንድና ምላጩን ይዞ መጣ።

«እቴ፣ የወፈረ ደም የሚቀለው በዋግምት ነው» አለኝ።

የክኒኑ ኃይል ገና ከደሙ ያልወጣ ሰው ጀርባውን ሊበጣ!

«መጀመሪያ የራስህን ጀርባ አስበጣ» አልኩት።

«እኔ ደህና ነኝ።»

«እንግዲያው በደህና ግባ» ብዬ በሩን ከፈትኩለት።

በማግስቱ ባሌንም ልጅቱንም ይዤ ሐኪሙ ዘንድ ገባሁ። ክኒኑን በመሐረብ ቋጥሬዋለሁ።

«እሷ ትተርጉም» አልኩት፤ «አንተ ግን እሱን እያየህ ንገረው። ልቡ የእሱ ነው።»

«ሌላ በሽተኛ እየጠበቀ ነው» አለ፣ ኮምፒውተሩን እያየ።

«እኛም ጠብቀን ነው የገባነው።» ከወንበሬ አልነሣ ስል ጊዜ ወደ ባሌ ዞረ፤ ልጅቱም የስፌቱን ስጋት ነገረችውና መልሱን ተረጎመች።

«ክኒኑ የሚያግደው ጉበት የሚሠራቸውን፣ ደም የሚያረጉ ሌሎች ፕሮቲኖችን ነው። የልብህን ስፌት አይነካም። ካልዋጥከው ግን ደም ልብህ ውስጥ ይረጋና ወደ ጭንቅላትህ ይሄዳል።»

ባሌ ኮፍያውን ማሻሸቱን ተወ። «ይህን ያኔ ብትነግረኝ ምን ነበረበት?»

እኔ መሐረቤን ፈታሁና ክኒኑን ለባሌ ሰጠሁት። ልጅቱ ውሃ ልታመጣ ስትነሣ ያዝኳት።

«ተቀመጪ፤ እሱ ያምጣ።»

ሐኪሙ ተነሥቶ አመጣ። ባሌም ዋጠ።