ለአንድ ትከሻ የተቆረጠ ሰደፍ

ሐሙስ፣ ገላባት፣ ጎህ ሲቀድ

ከመተማ በእግሬ ተሻግሬ ገላባት ስገባ ሰማዩ ገና አመድማ ነው። የካርቱሙ አውቶቡስ ሞተሩን አስነስቶ ይጠብቃል። ጣራው ላይ ፍራሽ፣ ጀሪካንና የሽንኩርት ጆንያ ተቆልሏል። ረዳቱ በሩ ላይ ተንጠልጥሎ «ኸርጡም! ያላ፣ ያላ!» ይላል። ሻንጣዬ ቀላል ናት። የምሄደው ጠመንጃ ለማሠራት ቢሆንም አንዲት ብሎን እንኳ አልያዝኩም፤ እንዲህ ያለ ነገር ይዞ ድንበር መሻገር አይታሰብም።

ማስታወሻውን የያዝኩት ጦርነቱ ካርቱም ሳይገባ በፊት ነው። አሁን ሳነበው ብዙ የምለውጠው አላገኘሁም፤ ከተማዋን ያየኋት እንዲህ ሆና ነው።

ነገሩን ለማያውቅ አንባቢ ላስረዳ። ስፖርቱ የፍጥነት ተኩስ ይባላል። ከፊትህ አምስት የብረት ሰሌዳዎች ተተክለዋል። አፈሙዝህን ወደ መሬት አዘንብለህ ትቆማለህ፤ ሰዓቱ ሲጮህ አንስተህ አምስቱንም በተቻለህ ፍጥነት ትመታለህ። የመጨረሻው ብረት ሲመታ ሰዓቱ ይቆማል። ጠመንጃው ሃያ ሁለት የሚባለው ትንሹ ነው፤ መርፌው ጥይቷን ከኋላ ጠርዟ ላይ ነው የሚመታት። ብዙ አይራገጥም፣ ብዙም አይጮህም። ወንዶች መጫወቻ ይሉታል፤ እስኪሞክሩት ድረስ።

እኔና ባለቤቴ ጌታቸው ይህን ስፖርት አዲስ አበባ ስንሠራ የኖርነው በአንድ ጠመንጃ ነው። ሁለት ለመያዝ አቅሙም ፈቃዱም አልነበረንም። የካርቱም አንድ ትንሽ ክለብ ለውድድር ሲጋብዘን ሁለታችንንም ነበር። ጌታቸው ባለፈው ዓመት አረፈ። ክለቡ «አንቺስ ትመጫለሽ?» ብሎ ሲጠይቀኝ «እመጣለሁ» አልኩ። እሱ በሌለበት ሰልፉ ላይ መቆም እችል እንደሆነ ማወቅ ፈለግሁ። ካልቻልኩ ደግሞ ባላወቁኝ ሰዎች ፊት ይሁን ብዬ ነው ካርቱምን የመረጥኩት።

አውቶቡሱ ሰው በሰው ሆኖ ሳለ አጠገቤ ያለው ወንበር ግን ባዶ ነው። ለብቻዋ ለምትጓዝ ሴት አክብሮት ነው አሉኝ። ገዳሪፍ ላይ ወርደን በሰሊጥ ዘይት የራሰ ፉል በላን። ተመልሰን ስንገባም ማንም አልተቀመጠበትም። አክብሮቱ እስከ ካርቱም ድረስ አጠገቤ ተቀምጦ መጣ።

ቅዳሜ፣ ከካርቱም ደቡብ

ያረፍኩት ዴም በሚባለው ሰፈር፣ ዘምዘም ከምትባል የወሎ ልጅ ክፍል ነው። የአዲስ አበባ ጎረቤቴ እህት ናት። አል-ማንሺያ ሰፈር አንድ ትልቅ ቤት ታጸዳለች፤ ሲመሽ ተመልሳ እግሯን ለብ ያለ ውሃ ውስጥ ትነክራለች። ገና እንደገባሁ «እህቴ፣ ወላሂ ጠመንጃ በዚህ በር ከገባ እኔ በዚያ መስኮት እወጣለሁ» አለችኝ። አይገባም ብዬ ማልኩላት።

ጠዋት በአምጃድ፣ በዚያች ትንሽ የኪራይ መኪና፣ ወደ ክለቡ ሄድኩ። ቤቱ እያነሰ፣ አሸዋው እየበዛ ይሄድና በመጨረሻ የአፈር ግድብና የቆርቆሮ ጥላ ይመጣል። ክለቡ ያ ነው። ዐም ዑስማን የሚባሉ ነጭ ጀላቢያ የለበሱ ሽማግሌ ተቀበሉኝ። ኃላፊው እሳቸው፣ ሰዓት ያዡም እሳቸው፣ ሻይ ቀጂውም እሳቸው ናቸው። በተሰባበረ አማርኛ፣ በዐረብኛና በእጃቸው ነው የሚያወሩት።

«ብረቱ የክለብ ነው፤ ከዚህ አይወጣም። እንጨቱ ያንቺ» አሉና ሦስት ጠመንጃ ጠረጴዛ ላይ ደረደሩልኝ።

የመጀመሪያው በየጥይቱ በእጅ የሚጎተት ነው። ልቡ ንጹሕ ነው፣ ለፍጥነት ግን አይሆንም። ሁለተኛው ራሱ ይጎርሳል፣ አፈሙዙ ግን ወፍራምና ከባድ ነው። ጌታቸው ቢኖር ዓይኑን ሳያሽ ይህን ያነሳ ነበር፤ «ከባድ አይንቀጠቀጥም» ባይ ነው። አነሳሁት። ከአንዱ ብረት ወደ ሌላው ሳዞረው ለመነሳትም ለመቆምም ይለግማል። የሚመታው ሰሌዳ ትልቅ ነው፤ ጊዜ የሚበላው ማነጣጠሩ ሳይሆን መዞሩ ነው። ይህን ሁልጊዜ አውቀዋለሁ፤ ቤት ውስጥ ግን ክርክሩን አሸንፌ አላውቅም።

ሦስተኛው ቀጭን አፈሙዝ፣ ለስላሳ ቃታ፣ ላዩ ላይ ቀይ ነጥብ የምትታይበት መስታወት ያለው ነው። ሰደፉ ከመሃል ተሰንጥቋል።

«ይህን» አልኩ።

«ይሄ የተሰበረ ነው» አሉኝ፣ ያላየሁት መስሏቸው።

«እንጨቱ የኔ ነው ብለው የለ?»

ሳቁና ሻይ ቀዱልኝ። የመረጥኩት ትክክል ነበር፤ ደስታው ግን አንድ ሻይ እስክጠጣ ነው የቆየው። የምከራከረው ሰው አጥቼ ማሸነፌ ቅር አለኝ።

ከሰዓት፣ ዴም

እንጨቱን የሚሠራው ጋሽ ሙሴ ነው። አባቱ ከጎንደር የመጣ፣ እሱ ግን እዚሁ ዴም የተወለደ አናጢ ነው። በርና አልጋ ይሠራል፤ ለክለቡም አንድ ሁለት ጊዜ ሰደፍ ጠርቧል። ከክለቡ ይዤ የመጣሁትን የተሰነጠቀ ሰደፍ ለናሙና አየና ከጥግ አንድ የማሆጋኒ ጣውላ ጎተተ።

«ከቃታ እስከ ትከሻ ስንት ላድርግ፣ ያ ቢቲ፣ ልጄ?»

«ሠላሳ አምስት ሴንቲ» አልኩት። ስሜን የተጠየቅሁ ያህል ፈጥኖ ነው የወጣልኝ።

እጄን አየ፣ እኔን አየ። «ጠይብ፣ እሺ» አለና በእርሳሱ አሰመረ።

ረቡዕ፣ ክለቡ

ሰደፉ ያምራል። ቀይ ቡናማ፣ ለእጅ የሚጥም። ብረቱን ገጥመን፣ ቀይዋን ነጥብ አስተካክለን ልምምድ ጀመርኩ። አፈሙዙን አዘንብዬ ቆምኩ፤ ሰዓቱ ጮኸ፤ ሳነሳው የሰደፉ ጫፍ ብብቴ ሥር ሸሚዜን ያዘ። አላቀቅሁት፤ አምስቱም ተመቱ፣ ዘገየሁ። ደገምኩ፤ ያዘ። ሸሚዜን ቀበቶዬ ውስጥ ወተፍኩና ሦስተኛ ሞከርኩ። አሁንም ያዘ።

«ጠዊላ» አሉ ዐም ዑስማን፣ ሰዓቱን እያዩ። ረዥም ነው ማለታቸው ነው።

«ሁልጊዜ የምተኩሰው በዚሁ ልክ ነው!»

«ሁልጊዜም ይይዝሻል?»

አዎ፣ ሁልጊዜም ይይዘኝ ነበር። አዲስ አበባ እያለሁ የሸሚዝ ችግር ይመስለኝ ነበር፤ ለውድድር ቀን ጠባብ ሹራብ ነበረኝ። ሽማግሌው ላይ ጮኬባቸው ስለነበር አፍሬ ይቅርታ ጠየቅሁ። ብረቱን ፈትተው ካዝናቸው ውስጥ ቆለፉና እንጨቱን ብቻ በጆንያ ጠቅልለው ሰጡኝ። ውድድሩ ዓርብ ነው። በዚህ ልክ ከገባሁ ከመጨረሻዎቹ አንዷ እንደምሆን ሁለታችንም አውቀናል።

አመሻሽ ላይ፣ ዘምዘም ጋ

የሰደፍን ልክ ብቻህን አታውቀውም። ባዶውን እንጨት ዓይንህን ጨፍነህ ትከሻህ ላይ ታደርጋለህ፤ ስትከፍት ሌላ ሰው ከፊትህ ቆሞ ዓይንህን ማየት አለበት። ዓይንህ ከእንጨቱ በላይ መሃል ላይ ሙሉ ከታየው ልክህ ነው። ይህን የሚያይልኝ ሰው ካርቱም ውስጥ ማን እንዳለኝ ሳስብ ጆንያውን ታቅፌ አልጋው ላይ ብዙ ተቀመጥኩ።

ዘምዘም ስትገባ ለመንኳት።

«እንጨት ብቻ ነው? ብረት የለውም?»

«የአልጋ እግር በይው።»

«እሺ፣ አብሽሪ፤ ቢስሚላህ» ብላ ግድግዳውን ተደግፋ ቆመች። ዓይኔን ጨፍኜ እንጨቱን አነሳሁና ከፈትኩ።

ጠጋ ብላ አየችኝ። «እኔ እንጃ እህቴ። ግማሽ ዓይንሽ ነው የሚታየኝ። አንገትሽንም ተንጠራርተሽ ነው። እኔ የማዳሜን ጫማ ሳደርግ እንዲህ ነው የምሄደው፤ ከፊት ሶክስ ጠቅጥቄ። የማን ልክ ነው?»

ያኔ ገባኝ። የጌታቸው ነው። ረዥም ሰው ነበር። ጠመንጃችን በእሱ ክንድ ልክ ነበር፤ እኔ ደግሞ አንገቴን መዘርጋት ለመድኩ። እሱ አስገድዶኝ አይደለም፤ አንድ ጠመንጃ ነበረን፣ ተጋራነው፣ አለቀ። ቁጥሩ ግን የኔ መስሎኝ ቆየ።

«የባለቤቴ» አልኳት። እንደሞተ ታውቃለች።

ዘምዘም አጠገቤ ተቀመጠች። «ታስቆርጭዋለሽ?»

አላውቅም አልኳት፤ እውነቴን ነው። ሰደፉ ረዥም እስከሆነ ድረስ ለሁለት ሰው የሚሆን ጠመንጃ ነው። ለኔ ልክ ከተቆረጠ ግን የአንድ ሰው ነው፤ ከእንግዲህ ማንም እንደማይጋራኝ በገዛ አፌ አናጢ ማዘዜ ነው። ቀብሩን እንኳ ሌሎች ናቸው የወሰኑልኝ። ይህን ግን የምወስነው እኔ ነኝ።

«የኔንስ ተይው» አለች ዘምዘም፣ «በምሠራበት ቤት ሰው ዓይኔን ትክ ብሎ አይቶኝ አያውቅም። እስቲ አንቺም እይልኝ።» እንጨቱን ተቀብላ ትከሻዋ ላይ አደረገች፤ ሁለታችንም ሳቅን።

ሐሙስ፣ ዴም

ጋሽ ሙሴ ሱቁን ሲከፍት በሩ ላይ ነበርኩ። ክንዴን በሜትር ለካ፤ ከክርኔ እስከ ሌባ ጣቴ፣ ሁለት ጊዜ። የሚቆረጠውን በእርሳስ አሰመረና መጋዙን አነሳ።

«እንጨት ነው፤ ከተቆረጠ አይቀጠልም። ኢንቲ፣ አንቺ እርግጠኛ ነሽ?»

«ትንሽ ቆይ» አልኩት።

ወጥቼ መንገድ ዳር ካለችው ሻይ ሻጭ ጋ ተቀመጥኩ። ሪክሻ፣ የኛው ባጃጅ፣ ያልፋል፣ አቧራው ይነሳል፣ ሴትዮዋ ስኳሩን ሳትጠይቀኝ ትጨምራለች። ሻዩን ሳልጨርስ ተመለስኩ።

«ቁረጠው» አልኩት። «ኸላስ? በቃ?» አለኝ። «ኸላስ።» መጋዙ ሲገባ ወደ ውጭ አየሁ። ሲጨርስ ጫፉን በአሸዋ ወረቀት አሸና ትከሻዬ ላይ ራሱ አደረገልኝ። አንገቴ አልተንጠራራም። ምቾቱ በራሱ አስከፋኝ፤ ይህን ሁሉ ዘመን እንዲህ ሊሆን ይችል ነበር ማለት ነው።

ዓርብ፣ ክለቡ፣ ከጁምዓ በፊት

ነፋሱ ቀዝቃዛ ነው፤ አሸዋው ቁርጭምጭሚት ላይ ይነድፋል። ተወዳዳሪው ጥቂት ነው፣ ሴት እኔ ብቻ። ወንዶቹ በጨዋነት ሰላም ይሉኝና ራቅ ብለው ይቆማሉ። ተራዬ ሲደርስ ገባሁ፤ አፈሙዙን አዘነበልኩ።

ሰዓቱ ጮኸ። ጠመንጃው ምንም ሳይይዘው ወጣ፤ ቀይዋ ነጥብ ሳልፈልጋት ዓይኔ ፊት ነበረች። ብረቱ ተራ በተራ ቃጨለ። ሰዓቱ መቆሙን ያወቅሁት ወንዶቹ ድምፅ ሲያሰሙ ነው። በዕድሜዬ እንዲህ ፈጥኜ ተኩሼ አላውቅም።

የጥይት ካዝናውን ነቅዬ አወጣሁ፣ ባዶነቱን አሳየሁ፣ ተፈተሸልኝ። ከዚያ ሳላስበው ጠመንጃውን ወደ ግራ ዘረጋሁ። ጌታቸው ሁልጊዜ ከእኔ ቀጥሎ ነበር የሚተኩሰው፤ ሳላየው ነበር የማቀብለው።

ዐም ዑስማን ከግራዬ ነበሩ። እንዲሞክሩት የሰጠኋቸው መስሏቸው በአክብሮት ተቀበሉ። ወደ ግድቡ ዞረው ትከሻቸው ላይ አደረጉት፤ ክርናቸው ጎናቸው ውስጥ ተጣጥፎ ቀረ። «ገሲራ!» ብለው ሳቁ። «አጭር ነው። ለኔ አይሆንም።» መልሰው ሰጡኝ።

በሁለት እጄ ተቀበልኩት። እንባዬ መጣ፣ አልከለከልኩትም። ወንዶቹ በማሸነፌ የማለቅስ መስሏቸው አጨበጨቡልኝ። አላሸነፍኩም፤ ከእኔ የፈጠኑ ነበሩ።

እሑድ፣ መተማ

ጠመንጃው ክለቡ ካዝና ውስጥ ቀረ። ዘምዘም ሥራ ሳትገባ በማለዳ ተሰናበተችኝ፤ አቅፋኝ ዓይኔን ትክ ብላ አየችና «ሙሉ ነው» አለች። አውቶቡሱ ውስጥ አንዲት ልጅ ያዘለች ሴት ሳትጠይቀኝ አጠገቤ ተቀመጠች፤ ልጁ መንገዱን ሙሉ ክንዴ ላይ ተኝቶ መጣ።

መተማ ላይ ሻንጣዬን የፈተሸችው ወጣት ልብስና የተምር ከረጢት ብቻ ስታገኝ ገረማት።

«ካርቱም ምን ሠርተሽ መጣሽ፣ እትዬ?»

«የስፖርት ጠመንጃ አሠርቼ።»

እጇ ሻንጣው ውስጥ ቆመ። «የታለ?»

«እዚያው ክለቡ ነው። አይሻገርም።»

ቀልዴን መሆኑን ለማወቅ ፊቴን አየች። «ታዲያ ለማን ነው ያሠራሽው?»

ከኋላዬ ሰልፈኛው ይገፋል፣ አንዱ ጮክ ብሎ ያማርራል። እኔ ግን አልቸኮልኩም።

«ለራሴ» አልኳት።