«ማን ባረከው?» ሲሉኝ

ይህን ለሰው ተናግሬው አላውቅም። ለንስሐ አባቴ እንኳ አልነገርኳቸውም። በየዓመቱ ፊታቸው ተንበርክኬ ቁጣዬን፣ ሐሜቴን፣ የተሰረቀ መሆኑን እያወቅሁ የጠገንኩትን ሰዓት ሁሉ ዘርዝሬያለሁ፤ እዚህ ላይ ስደርስ ግን ምላሴ ዘሎ ያልፋል። የሚሉኝን ስለማውቅ ነው። «ልጄ፣ በሽተኛ ማብላት ምን ኃጢአት አለው?» ይሉኛል፤ እኔም ቅልል ብሎኝ ወደ ቤቴ እሄዳለሁ። እንዲቀለኝ አልፈልግም። ሰባት ዓመት ሙሉ ሆድ ይፍጀው ብዬ ይዤዋለሁ፤ አሁን ሆዴም አልቻለውም።

ታዬ እባላለሁ። ሰዓት ሠሪ ነኝ። ፒያሳ፣ ሰፈሩ ሳይፈርስ፣ ከወርቅ ቤቶቹ ጀርባ በነበረች ጠባብ ሱቅ ውስጥ ሃያ ሁለት ዓመት ሠርቻለሁ። ሱቋ የሁለታችን ነበረች፤ በመስኮቱ በኩል እኔ፣ በውስጥ በኩል ልብስ ሰፊው ጋሼ እንድሪስ። የወሎ ሰው ናቸው፤ በአሥር ዓመት ይበልጡኛል። እሳቸው ሙስሊም፣ እኔ ክርስቲያን። ሲሰግዱ ራዲዮኔን እዘጋለሁ፤ እኔ ስጾም እሳቸው የፍስክ ምሳቸውን ውጭ ወጥተው ይበላሉ። አብረን ስንበላ ሽሮ ወይም ምስር ነው፤ ሥጋ በመካከላችን ገብቶ አያውቅም። ወጉን ታውቁታላችሁ፤ ክርስቲያን የባረከውን ሙስሊም አይበላም፣ ሙስሊም የባረከውንም ክርስቲያን አይበላም። በዚህ የሚቀየም የለም። እንዲህ ሆነን ነው ስንትና ስንት ዘመን በአንድ ግቢ የኖርነው።

በአንድ ክረምት የጋሼ እንድሪስ አንጀት ተቋጠረ። ሆዳቸው ተነፍቶ፣ ላብ እያጠመቃቸው፣ በታክሲ ሆስፒታል አደረስኳቸው። በዚያው ዕለት ቀዶ ጥገና ተደረገላቸው፤ ከአንጀታቸው ትንሽ ተቆርጦ ወጣ። ሚስታቸው ካረፉ ቆይተዋል። አንዲት ልጃቸው ኮምቦልቻ አራስ ነበረች። ነርሷ መዝገቧን ይዛ «አስታማሚው ማነው?» ስትል ዞር ብዬ አየሁ፤ ከኔ ሌላ ሰው አልነበረም።

እውነቱን ልናገር፣ ደስ አለኝ። ባለቤቴ ከሞተች ሁለት ዓመት ሆኖኝ ነበር፤ ልጅ አልሰጠንም። ማታ ቤት ስገባ ቀረህ የሚለኝ፣ ብቀርም የሚፈልገኝ አልነበረም። አስታማሚ ስባል ለካ ሰው ነኝ አልኩ። ይህን የምነግራችሁ እንድታዝኑልኝ አይደለም። ኋላ ለሠራሁት ሥራ ሥሩ እዚህ ስለሆነ ነው።

መጀመሪያ ጉልኮስ ብቻ ነበር። ቀጥሎ ውኃ፣ ቀጥሎ አጥሚት ተፈቀደ። ጋሼ ግን አልበላ አሉ። የእንቁላል ሽታ ያስታውካቸዋል፤ ወተት ሆዳቸውን ይነፋዋል። ሳምንት ሲሞላቸው ጉንጫቸው ገባ፣ ቁስሉም አልገጥም ብሎ በአንድ በኩል ውኃ መሰለ ፈሳሽ ያወጣ ጀመር። ወጣቱ ሐኪም ፋሻውን ገልጦ አየና ፊቱን ወደኔ አዞረ። «እኔ የምችለውን ሰፍቻለሁ። ቁስሉን የሚሞላው የሚበሉት ነው። ካልበሉ ሰውነታቸው ከየት አምጥቶ ይጠግነዋል? ገንቢ ምግብ ያስፈልጋቸዋል፣ በየቀኑ» አለኝ። ጋሼ እንድሪስ ተኝተው ሰምተውታል። «ስፌቱስ ደህና ነው ዶክተር፤ ጨርቁ ነው ያለቀው» አሉት። ሐኪሙ ሳቀ፤ እኔም ሳቅሁ። ወዲያው ግን ክንዳቸውን አየሁና ሳቁ አፌ ላይ ቀረ።

በማግስቱ በገዛ አፋቸው «የበግ መረቅ ባገኝ የምጠጣ ይመስለኛል» አሉኝ። ቀጥለውም «ከዘይነባ ቤት» አሉ። ዘይነባ ከአትክልት ተራ ጀርባ ምግብ ቤት ያላት የአገራቸው ሴት ናት፤ በጓ በሙስሊም እጅ የተባረከ መሆኑን ያውቃሉ። ፔርሙስ ይዤ ወረድኩ። መረቁን፣ ከደቀቀ ሥጋ ጋር፣ ሞልታ ሰጠችኝ። ወደ አፋቸው ማንኪያ ሳስጠጋ «ማን ባረከው?» አሉኝ። ጥርጣሬ አልነበረም፤ ሰው ሾርባ ሲቀርብለት «ይፋጃል?» እንደሚለው ነው። «የዘይነባ ነው ጋሼ» አልኳቸው። «ቢስሚላህ» ብለው ጠጡ። አላስታወካቸውም። ሦስት ቀን እንዲሁ ሆነ፤ ሦስቱንም ቀን ጠየቁኝ፣ ሦስቱንም ቀን እውነቱን ተናገርኩ።

በአራተኛው ቀን ዝናብ ጣለ። እዚህ ላይ ነው እንግዲህ።

አትክልት ተራ በክረምት ምን እንደሚመስል የምታውቁ ታውቃላችሁ፤ ጭቃው፣ የበሰበሰው ጎመን፣ ሽንኩርት የተሸከመው ሰው ግፊያ። ጉልበቴ ያመኛል። ከፒያሳ ወርጄ፣ ተሰልፌ፣ እንደገና ዳገቱን ወጥቼ ሆስፒታል መድረስ አለብኝ። ሆስፒታሉ በር አጠገብ ደግሞ ምግብ ቤት አለ፤ የሥጋ መስቀያው መስታወት ላይ መስቀል ተስሏል። ከድስቱ እንፋሎት ይወጣል። ቆሜ አሰብኩ። ያሰብኩትንም ቃል በቃል አስታውሰዋለሁ፤ «በግ በግ ነው» አልኩ። ፔርሙሴን ለባለቤቱ አቀበልኩት።

ማንኪያውን ሳስጠጋ «ማን ባረከው?» አሉኝ።

«የዘይነባ ነው» አልኳቸው።

ቢስሚላህ ብለው ጠጡ። እኔ ያጠጣኋቸውን ነው የጠጡት። የፈጣሪያቸውን ስም ጠርተው፣ እኔን አምነው ጠጡ። ምንም አልመሰለኝም፤ ይህ ነው የሚያስፈራኝ። እንዲያውም አፋቸውን ጠረግሁላቸው።

ያን ቀን ብቻ ቢሆን ምናልባት ዝናቡን እወቅስ ነበር። በማግስቱ ግን ፀሐይ ወጣ። ፀሐይ እያለ እዚያው በር ላይ ቆምኩ። አሥራ አንድ ቀን! በአሥራ አንዱም ቀን ጠየቁኝ፣ በአሥራ አንዱም ቀን ዋሸሁ። ስንቅና ውሸት እያደር ይቀላል ይባላል፤ እኔ ሁለቱንም በአንድ ፔርሙስ ይዤ ደረጃውን ስወጣ በእርግጥም እየቀለለኝ ሄደ። መዋሸቱም አልበቃኝም። ጋሼ እንድሪስ «ዘይነባን ሰላም በልልኝ፤ መረቋ ነፍሴን መለሰው» ሲሉኝ፣ በማግስቱ «አላህ ያሽርልኝ ብላለች» እያልኩ ያላለችውን አመጣላቸው ነበር። አንድ ቀን ደግሞ «በጉን ለርስዎ ብላ ነው የመረጠችው» አልኳቸው። እጃቸውን ዘርግተው ዱዓ አደረጉላት። እኔ አልጋው ግርጌ ቆሜ አሚን አልኩ። አሚን ያልኩት እኔ ነኝ።

ቁስሉ ገጠመ። ሐኪሙ ፋሻውን ፈትቶ «ምን አበላሃቸው?» ብሎ ትከሻዬን መታ መታ ሲያደርገኝ ኮራሁ። ለዚህ ነው አትማሩኝ የምላችሁ። የሚምረኝ ሰው «ባይበሉ ይሞቱ ነበር» ይላል። እኔም ለራሴ ደጋግሜ ብየዋለሁ። ግን ሦስቱን ቀን የዘይነባን እየጠጡ ነበር እኮ! መብላት ጀምረው ነበር። ደግሞስ የሆስፒታሉ የምግብ ባለሙያ አልጋቸው ድረስ መጥታ፣ እኔ ባለሁበት፣ «ሥጋ የግድ አይደለም፤ ምስርም፣ ባቄላም ይጠቅማል፤ ዓሣም ቢሆን ግሩም ነው» አላለችም? ዓሣ ማን ባረከው ተብሎ አይጠየቅም። ዓሣ ማብሰል ቀርቶ፣ «ዛሬ ዘይነባ ጋ አልሄድኩም፤ ይሄ የኛ ሰው የባረከው ነው፣ ይጠጡታል?» ብሎ መጠየቅ ምን ይከብዳል? እሺም እምቢም ማለት የሳቸው ነበር። እኔ እምቢ እንዳይሉኝ ፈራሁ። እምቢ ካሉኝ ማንኪያው ከእጄ ይወጣል፤ ማንኪያው ከወጣ ደግሞ እንደገና ማንም የማይፈልገኝ ሰዓት ሠሪ ልሆን ነው። ለሳቸው ሆድ የተጨነቅሁ መስዬ የራሴን ብቸኝነት ነበር የማስታምመው። ከሁሉም በላይ ደግሞ እምነታቸውን ናቅሁት። በግ በግ ነው ያልኩት በልቤ ስለናቅሁ ነው።

ከሆስፒታል ሲወጡ በመጀመሪያ መሄድ የፈለጉት ዘይነባ ቤት ነው። ከዘራቸውን ይዘው፣ እኔ ደግፌያቸው ወረድን። የምሳ ሰዓት ስለነበር ዘይነባ ትሯሯጣለች። ጋሼ እጇን ይዘው «አንቺ ባትኖሪ አፈር ነበርኩ» አሏት። «እኔ ምን አደረግሁና!» አለች። ከልቧ ነበር፤ እሳቸው ግን ትሕትና መሰላቸውና እንባቸው መጣ። እሷም ወደኔ ዞራ «አንተ ደግሞ ጠፋህ እኮ» አለችኝ። «ሥራ በዝቶብኝ» አልኩ። እውነቱ በመካከላችን ቆሞ ነበር፤ አንድ ቃል ብቻ ቢጨመር ይወጣ ነበር። ያን ቃል እኔ ዋጥኩት።

አረፋ ሲደርስ ደግሞ ጠዋት በሬ ተንኳኳ። ስከፍት ጋሼ እንድሪስ ናቸው፤ እንደዚያ ከስተው፣ በአንድ እጃቸው ከዘራ፣ በብብታቸው እግሩ የታሰረ አውራ ዶሮ። ሃያ ዓመት ያደረጉት ነው። በበዓላቸው ለኔ ሥጋ ልከውልኝ አያውቁም፤ በሕይወት ያለ ዶሮ ነው የሚያመጡልኝ። «እንካ፣ የራስህ ሰው ይባርክልህ» ይሉኛል። በዚያ አቅማቸው ዶሮ ተራ ወርደው፣ ተከራክረው ገዝተው፣ እኔ በወጌ እንድበላ ተሸክመውልኝ መጡ። ዝናብ ነበር፤ ጋቢያቸው ርሷል። ተቀበልኩና በሩን ዘግቼ አለቀስኩ። ዶሮውን መብላት አቃተኝ፤ ለጎረቤት ሰጠሁት። ያን ቀን እንኳ አልነገርኳቸውም።

ሰፈሩ ሲፈርስ ሱቋም ሄደች። እቃችንን ስንሸክፍ ጋሼ መቀሳቸውን በጨርቅ ጠቅልለው ያዙና «ታዬ፣ አፉ በለኝ» አሉኝ። ይቅር በለኝ ማለታቸው ነው፤ አገራቸው ሲለያዩ እንዲህ ይባባላሉ። «ይህን ያህል ዘመን አብሮ የተቀመጠ ሰው ሳይበዳደል አይቀርም» አሉ።

«አፉ ብያለሁ ጋሼ» አልኳቸው።

«እኔም አንተን አፉ ብያለሁ። የማውቀውንም፣ የማላውቀውንም።»

ትከሻቸውን ስሜ ይቅርታቸውን ተቀበልኩ። የደበቁትን ይዞ ይቅርታ መቀበል ምን ይባላል? እኔ ስርቆት ነው የምለው። መጀመሪያ ጉርሻቸውን ሰረቅሁ፣ ቀጥሎ ይቅርታቸውን ሰረቅሁ።

እሳቸው ኮምቦልቻ ልጃቸው ጋ ገቡ። እኔ ከከተማው ዳር ኮንዶሚኒየም አራተኛ ፎቅ ነኝ። ጎረቤቶቼን በበር ቁጥራቸው እንጂ በስም አላውቃቸውም። አንዳንድ ቀን አውቶቡስ ይዤ ፒያሳ እሄዳለሁ። መንገዱ ሰፍቷል፣ አምሯል፤ ሱቃችን የነበረችበትን ቦታ ግን ለይቼው አላውቅም። በሳምንት አንድ ጊዜ ብቻ ስልኬ ይጮኻል። አርብ፣ ጋሼ እንድሪስ ከመስጊድ ሲመለሱ።

ባለፈው አርብም ደወሉ። በድሮው ስፌት በኩል ሆዳቸው ተነፍቶ ወጣ ብሏል፤ አዲስ አበባ መጥተው እንደገና ቀዶ ጥገና ይደረግላቸዋል። ሐሙስ ይገባሉ። «ልጄ ልምጣ ብላኝ ነበር፣ እምቢ አልኳት» አሉኝ። «የታዬ እጅ ነው ያዳነኝ። ካንተ እጅ በቀር ከማንም አልበላም።»

እኔም «እሺ ጋሼ» አልኩ። እንደገና እሺ አልኩ!

ከእናንተ ይቅርታ አልለምንም፤ እናንተን አልበደልኩም። ለእናንተ አስቀድሜ መናገሬም ድፍረት አይምሰላችሁ፤ እሳቸው ፊት አፌ እንዳይታሰር እየተለማመድኩ ነው። ሐሙስ መናኸሪያ እጠብቃቸዋለሁ። ቁርስ ቀመሱ አልቀመሱ ሳልል፣ ሻንጣቸውን ሳልቀበል፣ አሥራ አንዱን ቀን ከነውሸቱ፣ ዘይነባ ብላለች ያልኩትንም ሳይቀር እነግራቸዋለሁ። የዚያን ቀኑ አፉ እንደማይቆጠር እነግራቸዋለሁ። ከዚያ በኋላ የሳቸው ነው። ፊታቸውን ቢያዞሩብኝ አልከራከርም፤ ከመስጊዳቸው ሰው ፈልጌ አጠገባቸው አስቀምጣለሁ፣ ምግባቸውን እሱ ያምጣላቸው። እኔ ደጅ እቀመጣለሁ። መብላታቸውን ብቻ አንድ ሰው ወጥቶ ይንገረኝ።