ሁለተኛው ሐኪም

በጋዜጣው ቤት በስሙ የሚጠራው አልነበረም፤ «ማን አየ» ነበር የሚሉት። ሥራው ሌሎች የጻፉትን ማጣራት ነው። አንዱ ጸሐፊ እሳት ተነሣ ብሎ ሲመጣ «ማን አየ?» ይለዋል። ጎረቤት አየ ሲባል ጎረቤቱ ጋ ይደውላል። ጎረቤቱ «እኔስ ሱቅ ሲያወሩ ነው የሰማሁት» ካለ ወሬው በቀይ እስክሪብቶ ይሰረዛል። ወሬ ሲነግሩህ ሐሳብ ጨምርበት የሚለውን ተረት ከእሱ ይበልጥ ከልቡ የያዘ ሰው አልነበረም። ለአዳዲሶቹ ጸሐፊዎች ደጋግሞ የሚነግራቸውም ይህንኑ ነበር፦ «ሁለት ሰው ነገረኝ ብላችሁ አትኩሩ። ሁለተኛው ከመጀመሪያው የሰማ ከሆነ ያው አንድ ሰው ነው።» በሃያ ሁለት ዓመት ውስጥ በእጁ ያለፈ ጽሑፍ ማስተባበያ ወጥቶበት አያውቅም። ይኮራበት ነበር፤ ይኩራ፣ ምን አለበት።

ቤቱ ውስጥ ታላቅ እህት ነበረችው። እናታቸው ስትሞት ከትምህርት ወጥታ፣ ልብስ እየሰፋች ያሳደገችው እሷ ናት። እሷም አላገባች፣ እሱም አላገባ፤ በሁለት ክፍል ቤት እየተቀላለዱ አረጁ።

አንድ ቀን ከስፌት መኪናዋ ቀና ብላ፣ «ጎኔን ይወጋኛል» አለችው።

ሐኪም ጋ ወሰዳት። ተመረመረች፤ ወረቀቱ «ጨጓራ ነው፣ ሌላ ችግር የለም» ይላል። ማህተም አለው፣ ፊርማ አለው፣ ቀን አለው። ወር ቆይታ ደግሞ ጎኔን ስትል፣ ሁለት ምስክር መጠየቅ ደንቡ ነውና ወረቀቱን ይዘው ሌላ ሐኪም ጋ ሄዱ። ሐኪሙ ከላይ እስከ ታች አነበበው። «ተመርምረው የለ እንዴ? ደህና ነዎት፣ እናቴ» ብሎ መለሰላት። እጁን ጎኗ ላይ እንኳ አላሳረፈም።

«አየሽ እትዬ፣ ሁለት ሐኪም ተስማማ» አላት መንገድ ላይ።

«ከባለቤቱ ያወቀ ቡዳ ነው» ብላ ሳቀች። «ጎኑ እኮ የኔ ነው!»

«ስሜት ሌላ፣ ማስረጃ ሌላ።»

ከዚያ ወዲያ ጎኗን አላነሳችበትም። እሱም ዝምታዋን እንደ መዳን ቆጠረው።

አምስት ወር አለፈ። አንድ ጠዋት ቀሚሷን ልትወስድ የሄደች ደንበኛ ቢሮው ድረስ እየሮጠች መጣች። «እህትዎን ስፌት መኪናቸው ላይ ተደፍተው አገኘኋቸው፤ ሆስፒታል ወስደናቸዋል» አለችው።

የሆስፒታሉ ሐኪም ጎኗን በጣቱ ጫን ጫን አደረገ። ከዚያ እሱን ወደ ኮሪደሩ ጠራው። «በጣም ዘግይታችኋል። እስከ ዛሬ ያያቸው ሐኪም የለም?»

«ሁለት ሐኪም...» ብሎ ጀመረና አቆመ። ሁለተኛው ያየው ወረቀቱን እንጂ እህቱን አልነበረም። ሃያ ሁለት ዓመት ሰው ሲያስጠነቅቅበት የኖረውን ስህተት፣ በገዛ እህቱ ላይ ሠራው። ውጋቱ ከመቼ ጀምሮ፣ ከየት ወዴት እንደሚሄድ የምታውቅ ምስክር አንድ ጣሪያ ሥር አብራው ነበረች፤ አንድም ቀን ቁጭ ብሎ አልጠየቃትም። እዚያው ኮሪደር ላይ ግድግዳውን ተደግፎ እንደ ሕፃን አለቀሰ።

ፊቱን ታጥቦ ገባ። አልጋዋ አጠገብ ተቀምጦ ማስታወሻ ደብተሩን አወጣ። ምን እንደሚጠቅም እሱም አያውቅም፤ ግን ጠየቃት።

«እትዬ፣ መቼ ነው የጀመረሽ?»

ፊቱን አየችው። ዓይኑ ቀልቷል።

«ባለፈው ሳምንት» አለች።

«ያን ጊዜ ይወጋኛል ያልሽኝስ?»

«እሱማ ጨጓራ ነበር። በኋላ ተወኝ። ልክ ነበርክ፣ የኔ ጌታ።»

እህቱ ስትዋሽ ሲሰማ ይህ የመጀመሪያው ነው። በአንድ እጇ የአልጋውን ብረት ጨብጣ ጥርሷን ነክሳለች፤ በሌላው ጉልበቱን ትደባብሰዋለች።

«እሺ፣ እትዬ» አለና፣ እንዳለችው ጻፈው።